የወታደሩ ጽዋና የሰብሳቢው ዕዳ

የዕለት መገልገያ ዕቃ የአንድን ሕዝብ ታሪክ ከሐውልት ባላነሰ ሁኔታ እንደሚመሰክር በኪነ ጥበብ ጥናት ዘንድ የታመነ ነገር ነው። ሐውልትን የሚያቆመው መንግሥት ወይም ባለጸጋ ነው፤ ጽዋ ግን በእያንዳንዱ ቤት ይገኛል። ሐውልት እንዲነገር የተፈለገውን ብቻ ይናገራል፤ ጽዋ ብዙ ጊዜ ሊነገር ያልታሰበውንም ጨምሮ ይናገራል። በመሆኑም የጽዋ ሂስ የሸክላ አሠራር ሂስ ብቻ ሆኖ ሊቀር አይገባውም። ጽዋውን ማን እንዳሠራው፣ ለማን እንደተሰጠ፣ በመጨረሻም በማን እጅ እንደገባ መመርመር ይኖርበታል።

በጃፓን እ.ኤ.አ. ከ1894ቱ የቻይና ጦርነት ጀምሮ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እስካበቃበት እስከ 1945 ድረስ በብዛት የተሠሩት የወታደር መታሰቢያ የሳኬ ጽዋዎች ለዚህ ዓይነቱ ምርመራ ሰፊ በር የሚከፍቱ ናቸው። እነዚህ ጽዋዎች ዛሬ ከተሠሩባቸው መንደሮች ወጥተው በአሮጌ ዕቃ ገበያዎችና በአሜሪካ፣ በአውሮፓ፣ በጃፓንም ባሉ የግል ሰብሳቢዎች መደርደሪያ ላይ ይገኛሉ። ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ በሆሣዕና፣ በዱራሜ ወይም በሀቢቾ ለሚኖር አንባቢ እጅግ ሩቅ ይመስላል። ይሁን እንጂ በጽዋዎቹ ዙሪያ የሚነሣው ጥያቄ የጦረኛ አባቶቹ ዋንጫ፣ ጋሻና ሜዳሊያ ከቤት ወደ ገበያ ሲወጣ የሚመለከት ሕዝብ ሁሉ የሚገጥመው ጥያቄ ነው። ጥያቄውም፣ ዕቃው ሲሰበሰብ ሰውየው የት ይቀራል? የሚል ነው።

ከወታደር ለመንደር

ሳኬ ከሩዝ የሚጠመቅ የጃፓን መጠጥ ነው። በማዕረግ ቀን የሚጠጣበት ጽዋ ሳካዙኪ ይባላል፤ አፉ ሰፊ፣ ጥልቀቱ ትንሽ፣ ከሥሩም አጭር መቆሚያ ያለው ሲሆን በሁለት እጅ ይያዛል። ሳካዙኪ ከጥም ማርኪያነቱ ይልቅ የቃል ኪዳን ዕቃነቱ ያመዝናል። በባህላዊው ሠርግ ሙሽራውና ሙሽሪት ከሦስት ጽዋዎች ሦስት ሦስት ጊዜ እየተጎነጩ ይተሳሰራሉ። ዳግመኛ ላይገናኙ የሚለያዩ ሰዎች ደግሞ በሳኬ ፈንታ ውኃ ቀድተው የመሰነባበት ልማድ ነበራቸው። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ለመረዳት ብዙ መንገድ መሄድ አያስፈልገውም፤ በየወሩ ከቤት ቤት እየተዘዋወረ ማኅበርተኛውን የሚያስተሳስረው የማኅበር ጽዋ የዚሁ አስተሳሰብ ወገን ነውና።

ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1873 የግዴታ ውትድርና ሕግ ካወጀች ወዲህ ሠራዊት የባላባት ጦረኞች መደብ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የገበሬው ልጅ የሚገባበት ሆነ። ሃያ ዓመት የሞላው ወጣት ይመረመራል፤ ከተመረመሩትም መካከል ለአገልግሎት የተመረጠው ወደ ጦር ሰፈር ይገባል። የመንደሩ ሰው በባንዲራ አጅቦ ይሸኘዋል፤ ዘመድና ጎረቤት የስንብት ገንዘብ ያስጨብጡታል። በጦርነት ጊዜ ደግሞ ሴቶች መንገድ ላይ ቆመው ከሺህ እጅ አንዳንድ ስፌት የለመኑበትን መቀነት ያስታጥቁታል። ወታደሩ አገልግሎቱን ፈጽሞ በደኅና በተመለሰ ጊዜ ያን ሁሉ ውለታ የሚመልስበት ስጦታ ያሻው ነበር። የመታሰቢያው ጽዋ ይህ ስጦታ ነው። ወታደሩ ወይም ቤተሰቡ ጽዋዎች ያዝዛሉ፤ ሠሪው የሬጅመንቱን መጠሪያ፣ የስንብት መታሰቢያ መሆኑን የሚገልጽ ቃልና የወታደሩን ስም ይጽፍበታል፤ ወታደሩም ለሸኙት ሰዎች ያድለዋል።

እንግዲህ በሂሱ መጀመሪያ ላይ መለየት ያለበት ነገር አለ። ንጉሠ ነገሥቱ የሚሰጡት ባለ 16 ቅጠል የአበባ ማኅተም ያለበት ጽዋ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ክብር ነው። ወታደሩ ያሠራው የሸክላ ወይም የእንጨት ጽዋ ግን ከጎን ወደ ጎን የሚሄድ ምስጋና ነው። የመጀመሪያው ዙፋኑን ያስታውሳል፤ ሁለተኛው መንደሩን ያስታውሳል። ብዙ ሰብሳቢዎች ሁለቱንም «የጃፓን ጦር ዕቃ» በሚል አንድ ርዕስ ሥር ሲያስቀምጧቸው ይህ ልዩነት ይጠፋል። ልዩነቱ ሲጠፋም ጽዋው ዋነኛ ትርጉሙን ያጣል።

ሥዕሉና ዝምታው

በሥራው በኩል ጽዋዎቹ የተናቁ አይደሉም። ሴቶ፣ ሚኖ፣ ኩታኒና አሪታን የመሳሰሉ በሸክላ ሥራ የታወቁ አካባቢዎች በጃፓን ይገኛሉ። ከፖርሴሊን ነጭ ሸክላ ከተሠሩት ጽዋዎች ሌላ ከእንጨት ተጠርበው ከዛፍ በሚወጣ አብረቅራቂ ቅብ የተለበጡ ቀይና ጥቁር ጽዋዎች አሉ። ገሚሶቹ በእጅ የተሣሉ ሲሆኑ ገሚሶቹ በማተሚያ ተባዝተው በኋላ ስም ብቻ በእጅ የተጨመረባቸው ናቸው። ሥዕሉ በአብዛኛው የሚያርፈው በጽዋው ውስጠኛ ገጽ ላይ ነው። ሳኬ እንደ ውኃ የጠራ በመሆኑ ጠጪው ከመጎንጨቱ በፊት አበባውንና ኮከቡን በመጠጡ ውስጥ ያያል፤ ጨልጦ ሲጨርስ ደግሞ ስሙና ሥዕሉ ደርቀው ይቀሩለታል። ይህ የቦታ አመራረጥ የሠሪውን ብልኅነት ያሳያል።

በጽዋዎቹ ላይ ተደጋግመው የሚታዩት ምልክቶች ጥቂት ናቸው። ኮከብ የምድር ጦርን፣ መልሕቅ የባሕር ኃይልን ያመለክታል። ጨረሯን የዘረጋች ፀሐይ፣ የተጣመሩ ባንዲራዎች፣ ጠመንጃ፣ መድፍ፣ ፈረስ፣ በኋለኛው ዘመን ደግሞ ታንክና አውሮፕላን ይገኙባቸዋል። አንዳንዱ ጽዋ ራሱ የወታደር የብረት ቆብ ቅርጽ ይዞ የተሠራ ነው። ከሁሉ ይልቅ የበዛው የቼሪ አበባ ነው። በሥዕል ጥራት ከተመዘኑ የተሻሉት ጥቂት ነገር የያዙት ናቸው፤ አንድ ቅርንጫፍና አንድ ኮከብ በሰፊ ባዶ ቦታ ላይ ሲያርፉ ትንሹ ጽዋ ትልቅ ይሆናል። ባንዲራውን፣ መድፉን፣ አውሮፕላኑንና ተራራውን በአንድ ላይ ያጨቁት ግን የሱቅ ማስታወቂያ ወደ መምሰል ያዘነብላሉ።

የቼሪ አበባ የተመረጠው በውበቱ ብቻ አይደለም። አበባው በፈካ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ሳይጠወልግ ይረግፋል። የጦር ሹማምንቱ ይህን ባሕርይ በወጣትነት ለመሞት ምሳሌ አደረጉት፤ ሞትን የሚያስወድድ ውበት አድርገውም አስተማሩበት። የሂሱ ከባድ ክፍል የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። በእነዚህ ጽዋዎች ላይ ቁስለኛ የለም። የተቃጠለ መንደር የለም። ከእርሻው የተፈናቀለ የቻይና ገበሬ፣ ልጇን የምትጠብቅ የጃፓን እናትም የሉም። የሚታየው ሁሉ ንጹሕ፣ ያማረና ወርቅ የተቀባ ነው። የጽዋው ሠሪ ውሸት ሣለ ለማለት አይቻልም፤ ሆኖም እውነቱን በአበባ ሸፍኖታል። ሥነ ጥበብ ለወራሪ ሠራዊት የሚያበረክተው ትልቁ አገልግሎት ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ጸጥተኛ ሽፋን ነው።

የጽዋው አገልግሎት ራሱም አንድ ዝምታ አለበት። ጽዋው በአብዛኛው የተመለሰ ሰው ስጦታ ነው። ያልተመለሰው ወታደር ለሸኙት ሰዎች የሚያድለው የስንብት ጽዋ አልነበረውም። ስለዚህ የመታሰቢያ ጽዋዎች ስብስብ ምንም ያህል ቢበዛ የጦርነቱ ግማሽ ታሪክ ብቻ ነው፤ ሌላው ግማሽ በመደርደሪያው ላይ ባዶ ቦታ ሆኖ መታሰብ ይኖርበታል።

የማንቹሪያ ስምና ካርታ የሠፈረባቸውን ጽዋዎች ኢትዮጵያዊ አንባቢ እንደ ተራ ጌጥ ሊያያቸው አይችልም። የኢትዮጵያና የጃፓን የወዳጅነትና የንግድ ውል እ.ኤ.አ. በኅዳር 1930 ተፈርሞ ነበር። የ1923 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ሲረቀቅ የ1889ኙ የጃፓን ሕገ መንግሥት በአብነት ተወስዷል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓንን የጎበኙት እ.ኤ.አ. በ1931 መጨረሻ ሲሆን፣ ስለዚያች አገር የጻፉት «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በ1924 ዓ.ም. ታትሟል። የዘመኑ ኢትዮጵያውያን ምሁራን በጃፓን ያዩት ነጭ ያልሆነ፣ የማንም ቅኝ ተገዥ ያልሆነ፣ በገዛ ጥረቱ የሠለጠነ ሕዝብን ነበር። የተመለከቱት ውሸት አልነበረም። ነገር ግን ኅሩይ ጃፓን ሲደርሱ የጃፓን ጦር ማንቹሪያን መውረር ከጀመረ ሁለት ወር ያህል ሆኖት ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይታወቃል። ፋሺስት ኢጣልያ ኢትዮጵያን ወረረች። እ.ኤ.አ. በ1936 መጨረሻ ጃፓን በአዲስ አበባ የነበራትን ሌጋሲዮን ዘግታ በቆንስላ በመተካት የኢጣልያን ይዞታ ተቀበለች፤ ኢጣልያም በ1937 ጃፓን በማንቹሪያ ላቆመችው መንግሥት እውቅና ሰጠች። የአንዱ ወራሪ ካርታ በሌላው ወራሪ ካርታ ተለወጠ ማለት ነው። በጽዋው ግርጌ በወርቅ የተሣለችው ማንቹሪያ በዚህ ልውውጥ ውስጥ የኢትዮጵያ አቻ ነበረች። ይህን የማያውቅ ሰብሳቢ ጽዋው ቆንጆ እንደሆነ ያውቃል፤ ምን ያህል እንዳስከፈለ ግን አያውቅም።

የስሙ ኃይል

እንዲህ ከሆነ ጽዋው የወራሪ ጦር ማስዋቢያ ነው ተብሎ ሊጣል ነው ወይ? የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። መልሱ ጽዋው ላይ ተጽፏል። ከአበባውና ከባንዲራው ጎን የአንድ ሰው ስም አለ። ጦሩ ወታደሩን ቁጥር ቢያደርገውም ጽዋው ስሙን መልሶለታል። የጃፓን የእግረኛ ሬጅመንቶች ምልምሎቻቸውን የሚያገኙት በአመዛኙ ከየአካባቢያቸው ስለነበረ የሬጅመንቱ ቁጥር ራሱ አገርን ይጠቁማል፤ ለምሳሌ 34ኛው የእግረኛ ሬጅመንት መቀመጫው ሺዙኦካ ነበር። ስምና ሬጅመንት አንድ ላይ ሲነበቡ ጽዋው ወደ አንድ አውራጃ፣ ምናልባትም ወደ አንድ መንደርና ወደ አንድ ቤት ይመራል። በአፈ ታሪክ ውስጥ የማይገባ፣ በመንግሥት ዜና መዋዕል ያልተጻፈ አንድ የገበሬ ልጅ «ነበርሁ፤ ሄጄ ነበር፤ ተመልሻለሁ፤ ስለሸኛችሁኝ አመሰግናለሁ» የሚልበት ሰነድ ይህ ነው።

ስለዚህ በአንዱ ጽዋ ውስጥ ሁለት ድምፆች ይሰማሉ። ሥዕሉ የሠራዊቱን ድምፅ ያሰማል፤ ስሙ የሰውየውን። ጥሩ ሂስ አንዱን ድምፅ ሰምቶ ሌላውን አይዘጋም።

የሰብሳቢዎችን አሠራር በዚህ መመዘኛ ማየት ይገባል። በመጀመሪያ ሊታወቅላቸው የሚገባ ውለታ አለ። ከ1945ቱ ሽንፈት በኋላ የጦሩ መታሰቢያ በጃፓን ቤተሰብ ዘንድ የሚያኮራ መሆኑ ቀርቶ የሚከብድ ነገር ሆነ፤ ጽዋዎቹ በየቁም ሣጥኑ ሥር ተረሱ። ሰብሳቢዎች ባይፈልጓቸው ኖሮ ብዙዎቹ ተሰብረው ከጥራጊ ጋር በሄዱ ነበር። ጽሑፎቹን በማስነበብ፣ ዓይነቶቹን በመለየት፣ ዘመናቸውን በመወሰን ያበረከቱት ዕውቀትም ቀላል አይደለም።

ይሁን እንጂ የገበያው ሚዛን ሌላ ነው። እግረኛው ብዙ ስለነበረ ጽዋው ርካሽ ነው፤ የበረራ፣ የታንክና የባሕር ኃይል ምልክት ያለበት ብርቅ ስለሆነ ይወደዳል። ወርቁ ያልለቀቀ ጽዋ ይመረጣል፤ ብዙ ጊዜ ተጠጥቶበት፣ ታጥቦ፣ ወርቁ የደበዘዘው ዋጋው ይቀንሳል። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይጠቅማል። ወርቁ ያልለቀቀው ጽዋ ማለት ምናልባት ማንም ያልጠጣበት ጽዋ ማለት ነው። የደበዘዘው ግን ጎረቤት የጠጣበት፣ የወታደሩ ስም በየበዓሉ የተነሣበት፣ ሥራውን የፈጸመ ጽዋ ነው። ገበያው ያልሠራውን ዕቃ ከሠራው አብልጦ ይገዛል። ብርቅነት ዋጋ እንዲያወጣ በመደረጉም አዲስ የተሠሩና ሐሰተኛ ጽሑፍ የተጨመረባቸው ዕቃዎች ከእውነተኞቹ ጋር ተቀላቅለው ይሸጣሉ። መደርደሪያው በጦር መሣሪያ ዓይነት በተከፋፈለ መጠን ስሙ ጌጥ ይሆናል፤ አንዳንዱ ሰብሳቢም በእጁ ያለው ጽዋ የማን እንደሆነ ሳያነብ ዓመታት ያልፋሉ።

ዋንጫ ድምፁ የት ነው?

ከዚህ በኋላ ነገሩ ወደ ኢትዮጵያ ይመለሳል። የኢትዮጵያ ጦረኛ ጽዋ ዋንጫ ነው። ዋንጫ ከቀንድ ይሠራል። በታላላቅ ግብር ሠራዊቱ ጠጅ የሚጠጣው በዋንጫ ነበር፤ ፎካሪውም ከዚያው አዳራሽ ተነሥቶ የፈረስ ስሙን ጠርቶ፣ የዋለበትን ቆጥሮ፣ ገዳይነቱን ያስመሰክር ነበር። ለጀግና የሚሰጠው ማዕረግ ለምድ፣ ጎፈር፣ በብር ያጌጠ ጋሻ፣ ቢተዋና እነዚህን የመሰለ ጌጥ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ የተዋጋው ሠራዊት ክብሩን የሚያውቀው በእነዚህ ነበር።

አማርኛ ራሱ የዚህን ታሪክ አሻራ ይዟል። ዛሬ ዋንጫ ሲባል ወጣቱ የሚያስበው የእግር ኳስ ሽልማትን ነው። ኢትዮጵያ በጥር 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የወሰደችው የብረት ሽልማት «የአፍሪካ ዋንጫ» ተባለ እንጂ አዲስ ስም አልተፈለገለትም። ድል አድራጊ የሚጠጣበት የቀንድ ዕቃ ለድሉ ራሱ ስም ሆነ።

በጃፓኑ ጽዋና በኢትዮጵያው ዋንጫ መካከል ግን አንድ መሠረታዊ ልዩነት አለ። ሳካዙኪው ስሙን በራሱ ላይ ተሸክሟል። ዋንጫ በተለምዶ ጽሑፍ የለበትም። የዋንጫው ታሪክ የሚገኘው በባለቤቱ ፉከራ፣ በሚስቱ ትረካ፣ በልጁ ትውስታ፣ በአዝማሪው ግጥም ውስጥ ነው። ዕቃው በእጅ፣ ስሙ በአፍ ነበር። የሁለቱ አንድ ላይ መኖር ለብዙ ዘመን በቂ ሆኗል፤ ቤቱ እስካልተበተነ ድረስ ዋንጫው የማን እንደነበረ ጠፍቶበት የሚጠይቅ ሰው አልነበረምና። ቤቱ ሲበተን፣ ሽማግሌው ሲያልፉ፣ ልጁ ዋንጫውን ለነጋዴ ሲሸጥ ግን ስሙ ከአፍ ሳይወጣ ይቀራል። ከመንደሩ የራቀ ሳካዙኪ ማንበብ የሚችል ሰው ባገኘ ጊዜ ይናገራል። ከቤቱ የራቀ ዋንጫ ግን ለዘለዓለም ዲዳ ነው።

የመቅደላ ዕቃዎች ታሪክ ይህን ያረጋግጣል። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ከያዘ በኋላ የተዘረፈው ዕቃ በዝሆንና በበቅሎ ተጭኖ በደላንታ ሜዳ ላይ በሐራጅ ተሸጠ፤ የብሪታንያ ሙዚየም ወኪልም ከገዢዎቹ አንዱ ነበር። ከዚያ ከተወሰዱት ዕቃዎች ጥቂቶቹ እ.ኤ.አ. በ2021 ለጨረታ ሊቀርቡ ሲሉ ታግደው ከሌሎች ጋር ለኢትዮጵያ ተመልሰዋል። ከተመለሱት መካከል የንጉሣዊ ጋሻና በብር የተለበጡ የቀንድ ዋንጫዎች ይገኙበታል። መመለሳቸው ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን ከ150 ዓመት በላይ ተከትሏቸው የኖረው ታሪክ የወሳጃቸው ወገን ታሪክ ነው። በእነዚያ ዋንጫዎች የጠጣው ማን እንደነበረ፣ በየትኛው በዓል፣ ከየትኛው ዘመቻ በኋላ እንደሆነ ዋንጫዎቹ አይናገሩም። ዕቃው ተመለሰ፤ ሰውየው አልተመለሰም።

በዘመናዊው ሠራዊትም ቢሆን ችግሩ መልኩን ለወጠ እንጂ አልጠፋም። በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው ጦር የተሰየመው በራስ መኮንን የፈረስ ስም «ቃኘው» ተብሎ ነው። ኮሪያ የሄዱት ኢትዮጵያውያን ወታደሮች በየተራው ከ6,000 በላይ ሲሆኑ ከ120 በላይ የሚሆኑት በጦርነቱ ወድቀዋል። የተባበሩት መንግሥታት ለዘማቾቹ የሰጠው ሜዳሊያ በየአገሩ ቋንቋ የተዘጋጀ በመሆኑ የአማርኛ ጽሑፍ ያለበትም አለ። በሜዳሊያው ላይ የድርጅቱ ዓላማና የአገሩ ስም ሰፍሯል። የጦሩ መጠሪያ የአንድ መስፍን ፈረስ ስም ሆኖ ይታወሳል። ሜዳሊያው ከዘማቹ ደረት ወርዶ ወደ ሱቅ መስኮት ሲገባ የዘማቹን ስም የሚነግር ግን በላዩ የለም። በዚህ በኩል ሲታይ ስሙን በጽዋው ላይ አጽፎ ለጎረቤቱ ያደለው ጃፓናዊ ገበሬ ከሜዳሊያ አሠሪዎቹ ሁሉ የበለጠ አስተዋይ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በሆሣዕና ዙሪያ ያለው ሥራ

ሆሣዕና የዳግማዊ ምኒልክ ጦር ወደ ደቡብ ከዘመተ በኋላ በጦር ሰፈርነት ከተቆረቆሩት ከተሞች አንዷ ናት፤ የቦታዋ የቀድሞ ስም ዋቸሞ ነው። የሀዲያ ሕዝብ በጥንቱ ዘመን በከብት አርቢነቱ የታወቀ፣ መቶ ከብት ላፈራ ሰውም የተለየ የማዕረግ በዓል የነበረው ሕዝብ ነው። እንዲህ ባለ አገር ቀንድ የሀብትም፣ የክብርም፣ የጀግንነትም ምልክት ቢሆን አያስገርምም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በዚህ አካባቢ የምኒልክን ጦር ሐሰን እንጃሞን በመሳሰሉ መሪዎች ሥር የተቃወመ ነበር፤ ከጦሩ ጋር መጥቶ የሰፈረም ነበር። በኢጣልያ ወረራ ዘመን የተዋጋ፣ ከዚያም በኋላ በልዩ ልዩ ግንባር የዘመተ አለ። የእነዚህ ሁሉ ዕቃ፣ ዋንጫውም ጋሻውም ጦሩም ሜዳሊያውም፣ ስም አልባ ሆኖ በአንድ መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠ ሁሉም «የጥንት ዕቃ» ይባላል። የወራሪውና የተከላካዩ፣ የሰፋሪውና የነባሩ፣ የአርበኛውና የባንዳው ልዩነት በአቧራ ሥር አንድ ይሆናል። ጉዳዩ የባህል ጌጥ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑ የሚታወቀው በዚህ ነው። አንድ ከተማ የሚኖርባትን ታሪክ በሐቅ የምትነጋገርበትን ማስረጃ ማጣትና ማግኘት ማለት ነው።

እርግጥ ነው፣ በዚህ ላይ ሊነሣ የሚችል ተቃውሞ አለ። የጦር መታሰቢያ መሰብሰብ ጦርነትን ማክበር ነው፤ ሊሰበሰብ የሚገባው የእርሻ መሣሪያ፣ የእንሰት መፋቂያ፣ የእናቶች ቅልና እንስራ ነው የሚል። ተቃውሞው ከፊል እውነት አለው፤ የሚያርስና የሚያበስል ሕዝብ መሣሪያ ከተዋጊው ጋሻ ያነሰ ክብር ሊሰጠው አይገባም። ነገር ግን የጃፓኑ ጽዋ ያስተማረው ሌላ ነገር ነው። ጦርነትን የሚያስከብረው ስም የሌለው ጽዋ ነው፤ አበባው ብቻ ስለሚታይ። ስሙ ሲነበብ፣ ስሙን ተከትሎ ዕድሜው፣ መንደሩ፣ የተመለሰና ያልተመለሰው ጓደኛው ሲጠየቅ ግን ጌጡ ይገፈፍና ጦርነቱ ከነክብደቱ ይታያል። ስም የጦርነትን ውበት ያሳንሳል፤ የሰውን ዋጋ ያተልቃል።

በኢትዮጵያ ያለው ጥሩ አርአያም ሊዘነጋ አይገባም። በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም የባህል ዕቃዎቹን በሰው ልጅ የሕይወት ሂደት፣ ከልጅነት እስከ ሞት ባለው ቅደም ተከተል ያቀረበበት ትዕይንት ዕቃን በብረትነቱና በቀንድነቱ ከመደርደር በሰው ሕይወት ውስጥ ባለው ሥፍራ መደርደር እንደሚቻል አሳይቷል። የጦረኛው ዋንጫም በዚህ ሥርዓት ቢታይ ቦታው ከጦር መሣሪያ ጎን ብቻ አይሆንም። ከስንብቱ፣ ከመመለሱ፣ ከጎረቤቱ ምርቃትና ከለቅሶው ጎን ይሆናል።

ሥራው ግን ዋና ከተማውን የሚጠብቅ አይደለም። በሀቢቾ ያለ አንድ መምህር ተማሪዎቹን ወደየቤታቸው ሲልክ ዋንጫውን አምጡ ማለት የለበትም፤ ዋንጫው በቤቱ ይቆይ። ይዘው ሊመጡ የሚገባው አራት መልስ ነው። ዕቃው የማን ነበር? ማን ሰጠው? መቼና በምን ምክንያት? አሁን ስለእርሱ የሚያውቀው ማን ነው? መልሱ በሀዲይኛ ወይም በከምባትኛ ከተሰጠ ተናጋሪው በተናገረበት ቋንቋ መጻፍ አለበት፤ የፉከራና የሙገሳ ቃል ሲተረጎም ግማሹ ይፈስሳልና። የባህል ሠራተኛውና ካድሬው ድርሻ የተሰበሰበው ቃል በደብተር ተቀብሮ እንዳይቀር፣ ዕቃውም ያለ ቃሉ ወደ ኤግዚቢሽን እንዳይወጣ መጠበቅ ነው። ለበዓል ቀን ብቻ ተውሶ የሚመጣና ማግስቱን የማን እንደሆነ የሚረሳ ጋሻ ለባህሉ ያተረፈው ነገር የለም። ሠዓሊውና ቅርጻ ቅርጽ ባለሙያው ደግሞ ከጃፓኑ ጽዋ ሠሪ ጥፋትም ጥበብም ሊማር ይችላል። ጥበቡ ትንሽ ቦታ ላይ ጥቂት ነገር በመሣል ሰውን ከመንደሩ ማስተሳሰሩ ነው። ጥፋቱ ደግሞ ቁስሉን በአበባ መሸፈኑ ነው።

ሰብሳቢ የሚባለው ሰው ብዙ ጊዜ የሚመሰገነው ባከማቸው ብዛት ነው። ትክክለኛው መለኪያ ግን ምን ያህል ስም አብሮ አዳነ? የሚለው ነው። ለሳካዙኪው የሰብሳቢው ግዴታ ማንበብ ነው፤ ጽሑፉ አለና። ለዋንጫው ግን ግዴታው ከማንበብ ይከብዳል፤ መጠየቅ፣ መስማትና መጻፍ ነው። ቀንዱ ሳይበላሽ ብዙ ትውልድ ሊቆይ ይችላል። የባለቤቱን ስም የሚያውቁት ሽማግሌ ግን ያን ያህል አይቆዩም፤ መቅደም ያለበትም የእርሳቸው ቃል ነው።